የቆቦ ወፍጮ ቤቶችና የእትዬ ቶይባ ጆሮ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ደሴ መናኸሪያ ስደርስ፣ ሜሮን ቀድማኝ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እሱ ስሟን ጠይቆ፣ እሷ የልጆቹን ስም ጠይቃ፣ ሁለቱም የሚስቁበት ነገር አግኝተዋል። እኔ የመመርመሪያውን ሳጥን አቅፌ ከኋላ፣ ከአንድ ጥቅል ፍራሽ አጠገብ ገባሁ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው እዚያች ወንበር ላይ ነው ብል አልዋሽም።

ሁለታችንም ደሴ ባለ አንድ የግል የጆሮ ክሊኒክ እንሠራለን። በአንድ ክፍል ተምረን በአንድ ቀን ተመርቀናል። በውጤት እበልጣታለሁ። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደነገርኩት ስለማስታውስ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ወደ ቆቦ የላኩን የወፍጮ ቤት ሠራተኞችን ጆሮ እንድንመረምር ነበር። ስንመለስ ከሁለታችን አንዷ የዚህ የመስክ ሥራ ኃላፊ እንደምትሆንም ነግረውናል።

ስለ መሣሪያው ለእህቶቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ጆሮ ድምፅ የሚቀበል ብቻ አይደለም፤ ራሱም ድምፅ ያወጣል። በውስጠኛው ክፍል ከፀጉር የቀጠኑ ሕዋሳት አሉ። ድምፅ ሲደርሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲንቀሳቀሱም በጣም ደካማ የሆነ ድምፅ ወደ ውጭ ይመልሳሉ። ባለ ጆሮውም አጠገቡ ያለውም ሰው አይሰማውም። ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ያለውን የመሣሪያውን ገመድ ጆሮ ውስጥ ስናስገባ ግን መሣሪያው ያንን ድምፅ ይለቅመዋል። ለዓመታት በጩኸት ውስጥ የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚጎዱበት እነዚህ ሕዋሳት ናቸው። ሰውየው ገና "ኧረ በደንብ እሰማለሁ" እያለ ጆሮው መመለስ ያቆማል።

ይህን ምርመራ የምወደው ለሌላም ምክንያት ነው። በሌሎቹ ምርመራዎች "ሰማህ? አሁንስ?" እያሉ ሰውን ማናገር አለ። በዚህኛው እሱም ዝም፣ እኔም ዝም።

ከሐይቅ እስከ መርሳ ያለው መንገድ በሰላም አለፈ። መርሳ ቁርስ በላን። እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ቁርሱን ስንጨርስ በክንዴ ይዤዋለሁ፣ ወልዲያ ስንደርስ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል። ወልዲያን አልፈን ቁልቁል መውረድ እንደጀመርን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወርደን በአንዲት የግራር ጥላ ተጠጋን። ሜሮን ከሁለት ማንጎ ሻጭ ሴቶች ጋር ስትጫወት ቆየች። ጎማው ተቀይሮ ስንነሳ አንደኛዋ ሁለት ትልልቅ ማንጎ እጇ ላይ አደረገችላት፤ ዋጋ ልትከፍል ብትል "ሂጂ ወዲያ!" ብላ ገፋቻት። ከዚያ ወደ እኔ አየት አድርጋ "ለዚያችም ስጫት" አለቻት። ማንጎው ጣፋጭ ነበር፤ እኔ ግን እስከ ጎብዬ ድረስ "ለዚያችም" የምትለዋን ቃል ሳኝክ ሄድኩ።

ራያን ላላየ ሰው፣ ሜዳ ነው። በስተ ምዕራብ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ምድሩ እስከ ዓይን መጨረሻ የተዘረጋ ነው። እኛ አገር ገብስ ከጉልበት አያልፍም። እዚህ ማሽላው ሰው ይውጣል፤ ከማሳው የሚወጣ ገበሬ በድንገት በር ከፍቶ የመጣ ይመስላል።

ቆቦ ያረፍንበት አልጋ ቤት ሁለት አልጋና መብራት ሲኖር የሚዞር ማራገቢያ ነበረው። መብራት አልነበረም። አከራይዋ ሴትዮ ፊቴ ላይ ላቡን አይታ አንድ ባልዲ ውኃ ይዛ መጣችና "አንሶላውን ነክረሽ ጨምቀሽ ልበሺው፣ የቆላ ብልሃት ነው" አለችኝ። እናቴ ቤት ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ የምተኛው እኔ፣ እርጥብ አንሶላ ለብሼ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት የሄድንበት ወፍጮ ቤት የአያ ሙሄ ነው። አያ ሙሄ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ወፍጮው ሲሠራ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ሰው በከንፈሩ ሳይሆን በእጁ ያወራል፦ ጣት ወደ ታች "አድቅቂው"፣ መዳፍ ሲገለበጥ "በቃ"። በዚያ ሁሉ መካከል ወፍጮውን የምታስኬደው እትዬ ቶይባ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ሠርታ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋለች። ፊቷ፣ ሽፋሽፍቷ፣ ሻሿ በዱቄት ነጭ ሆኗል።

የምንመረምረው ጸጥታ ባለበት ስለሆነ አያ ሙሄ ወፍጮውን አስቆሙልን፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች አጉረመረሙ። ክፍላችን የእህል ማስቀመጫው ነበር። በዙሪያው የተደረደረው የማሽላ ጆንያ የውጭውን ድምፅ ስለሚውጥ ከክሊኒካችን ክፍል አይተናነስም። የሥራ ክፍፍላችን የታወቀ ነው። እኔ በመጀመሪያ ጆሮውን በመመልከቻ መብራት አያለሁ፤ የጆሮው ቦይ ንጹሕ ከሆነ ጎማውን አስገብቼ መሣሪያውን አስኬዳለሁ። ሜሮን ትመዘግባለች፣ ታጫውታለች።

እትዬ ቶይባ ገብታ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። "ይቀመጡ፣ ሻሽዎን ትንሽ..." ስላት ሳቀች።

"እርስዎ እያላችሁ አታስረጁኝ! አንቺ በሉኝ።"

"እሺ እትዬ ቶይባ፣ ሻሽሽን ገለጥ አድርጊው" አለቻት ሜሮን ወዲያው፣ አብረው እንዳደጉ ሁሉ።

"እንዲያ ነው እንጂ! እስኪ አንቺ ሳቂታዋ እይልኝ። ያችኛዋስ ዛሬ አፏም ጾመኛ ነው መሰለኝ፣ አልተከፈተም።"

በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። ሜሮንም ሳቀች፤ ከዚያ "ትርሲት፣ አንድ ጊዜ እኔ ልሥራላት?" ብላ እጇን ዘረጋች። ገመዱን ሰጠኋት። መመልከቻው መብራት በጋውኔ ኪስ ውስጥ ነበር። አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላወጣሁላትም።

ጎማውን አስገብታ ስትጀምር ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት በራ። ያ ምልክት ቦዩ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ጎማው ከቦዩ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ወይም አንድ ነገር ደፍኖት። ሜሮን ወደ እትዬ ቶይባ እያየች ስለ ልጆቿ ትጠይቃታለች። ቁልፉን ተጫነችና ቀጠለች። ግራውም ቀኙም ጆሮ ምንም አልመለሰም። መስመሮቹ ሁሉ ባዶ።

ምልክቱን አይቻለሁ። ማየቴን አሁንም በግልጽ አስታውሰዋለሁ፤ ቀዩን፣ የሜሮንን አውራ ጣት፣ በጆንያው ቀዳዳ የወጣችውን አንዲት የማሽላ ፍሬ። በልቤ "ትሳሳት" አልኩ። ደሴ ስንመለስ ዶክተር መዝገቡን ሲያዩ ማን ጠንቃቃ እንደሆነች ይለያሉ ብዬ አሰብኩ። ስለ እትዬ ቶይባ ጆሮ አላሰብኩም።

ሜሮን ዓይኗ እንባ ሞላ። እጇን ይዛ "እትዬ ቶይባ፣ ወፍጮው ጆሮሽን ጎድቶታል። ከዚህ ሥራ ብትወጪ ይሻልሻል" አለቻት። አያ ሙሄ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። መቁጠሪያቸው ቆመ።

"ሁለቱም?" አሉ።

"ሁለቱም" አለች ሜሮን።

በዚያው ቀን እትዬ ቶይባ እራት ጠራችን። ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ረቡዕ መሆኑን አስባ የጾም ሠርታ ጠበቀችን፤ ሽሮ፣ የቲማቲም ቁርጥ፣ የማሽላ እንጀራ። ድስቱ አዲስ እንደሆነና ሥጋ ገብቶበት እንደማያውቅ ሦስት ጊዜ ነገረችን። ደብረ ብርሃን ሆኜ ሙስሊም ጎረቤት ለክርስቲያን እንግዳ ጾም ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም፤ ወሎ ላይ ግን ይህ ወሬም አይሆንም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሜሮን አጎረሰቻት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው የእኔ ሆነ፤ ትልቅ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሷም "አየሽ፣ ዝምተኛ አፍ ጠባብ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ሳቋ ሳይጠፋ ነገረችን። "አያ ሙሄ ከቅዳሜ ጀምረሽ አርፊ አለኝ። 'በእኔ ወፍጮ ሰው ደነቆረ አልባልም' ብሎ ማለ። ደግ ሰው ነው፣ ወላሂ ክፋት የለውም።"

"ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለች ሜሮን።

"እኔ የማውቀው ወፍጮ ነው። ድንጋዩ መወቀር ሲያምረው በድምፁ አውቃለሁ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ቺንጋ ሊበጠስ ሲል አውቃለሁ። ሌላው ሥራ እኔን አያውቀኝም።" ሽሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ብዪ እንጂ አንቺ!"

መናገር ነበረብኝ። ግን ለራሴ "ቢጸዳስ? ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ጆሮዋ ሞቶ ሊሆን ይችላል" አልኩት። በላሁ። ሜሮን በመንገድ ላይ አለቀሰች። በእንባዋም ቀናሁባት፤ ሰው ሲያይ ማልቀስ የምትችል ሴት ናት።

ሐሙስ ወደ ጎብዬ ተመለስን። መንገዱ አጭር ስለሆነ በባጃጅ መሄድን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ሮቢት ላይ ቤንዚን አለቀብን ብሎ ሹፌሩ ወርዶ ሲገፋ፣ እኛም ስንገፋ፣ ጫማዬ ተበጠሰ። አንዲት የመንገድ ዳር ሻይ ሻጭ የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝና "ስትመለሺ ትጥይልኛለሽ" አለች። እሷ በባዶ እግሯ ሻይዋን መቅዳት ቀጠለች። በአገሬ የማላውቃት ሴት ጫማዋን አውልቃ ብትሰጠኝ እጠረጥራለሁ።

ጎብዬ የመረመርኩት የመጀመሪያ ሰው ሰኢድ የሚባል የወፍጮ ሠራተኛ ነው። ሜሮን ያን ቀን ራሷን አሟት ከጥግ ተቀምጣ ነበር። ሰኢድ ከመቀመጡ በፊት ከሁለቱ ጆሮዎቹ ሁለት ቢጫ ጠጠር የሚመስል ነገር ጎትቶ አወጣ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ጥጥ ነው፣ በማር ሰም የታሸ። ይኸ የቶይባ ዘዴ ነው፣ የቆቦዋ። የአክስቴ ልጅ ናት፣ እሷ ነች ያስተማረችኝ።"

"እሷም ታደርጋለች?"

"ከእኔ በፊት! ግን ከሻሿ ሥር ትደብቀዋለች። የእኛን አገር ሴቶች አታውቂያቸውም? ባለ ወፍጮ ጆሮውን ደፍኖ ካዩ 'ሮሮ ላለመስማት ነው፣ እህሌን ቢያጎድልብኝ ማን ይሰማኛል' ብለው ጆንያቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። እኔን ወንድ ስለሆንኩ ይምሩኛል፣ እሷን አይምሯትም።"

መብራቱን አውጥቼ ጆሮውን አየሁ። ከውስጥ የሰም ቁርጥራጭ፣ ዱቄትና የጆሮ ቆሻሻ ተጋግሮ እንደ ጭቃ ግድግዳ ሆኗል። ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ በለብታ ውኃ አጠብኩት። ከዚያ መሣሪያውን አስገባሁ። ጆሮው መለሰ። የተወሰኑት መስመሮች ደካማ ነበሩ፣ ግን መለሰ።

ሜሮን ከጥጉ ሆና "ጎበዝ ጆሮ!" አለችው። ምንም አልገባትም ነበር። የገባው ለእኔ ብቻ ነው። እስከ ማታ አብረን ዋልን፣ ጫማውን መለስኩ፣ እራት በላን፤ ሁለት ጊዜ "ሜሮን" ብዬ ጠርቻት "ወይ" ስትለኝ "ምንም" አልኳት።

ዓርብ ጠዋት ሚኒባሳችን ወደ ደሴ የሚነሳው በሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜሮን ተኝታ ሳለ ሳጥኑን ይዤ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ገና አልተነሳም። እትዬ ቶይባ ወለሉን ትጠርጋለች፤ አያ ሙሄ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ ቶይባ፣ ጆሮሽን ልየው" አልኳት።

"ምን ታይዋለሽ? የሞተ ነገር አይታይም።"

"ሰም ታደርጊበታለሽ አይደል?"

ሻሿን ወደ ታች ሳበችና ወደ አያ ሙሄ አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማን ነገረሽ?" አለች።

"ሰኢድ።"

"ያ ለፍላፊ! ሰም የሰጠሁት ለጆሮው ነው፣ ለአፉም መስጠት ነበረብኝ።"

ጆሮዋ ፈስሶ ወይም ታሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አያውቅም። እህል ማስቀመጫው ውስጥ አስገብቼ በመብራቱ አየሁት። ከሰኢድ የባሰ ነበር። ዘይቱን ጠብ አደረግኩ። ስንጠብቅ እሷ ራሷን ጆንያው ላይ ጋደም አደረገች፤ እኔ ውኃውን ለብ አደረግኩ። ካጠብኩት በኋላ ሳህኑ ላይ የወጣውን አይታ "ሱብሐነላህ! ይኼ ሁሉ ዱቄት ከእኔ ጆሮ? ለአንድ ቂጣ ይበቃል እኮ!" አለች።

ጎማውን አስገባሁ። ቀይ ምልክት አልበራም። የመጀመሪያው መስመር ተነሳ፣ ሁለተኛው ተነሳ፣ ሦስተኛው ተነሳ። በቀጫጭኑ ድምፅ ላይ ያሉት ደከሙ፣ ግራው ላይ አንዱ ጨርሶ አልተነሳም። ግን ጆሮዋ ሕያው ነበር። ስክሪኑን አሳየኋት፤ መስመሮቹን በዱቄታም ጣቷ ነካካቻቸው።

"እነዚህ የእኔ ናቸው?"

"ያንቺ ናቸው። እዚህ ጋ ግን ወፍጮው ወስዶብሻል፤ ካልተጠነቀቅሽ ይጨምራል። ከእንግዲህ ሰም የለም።"

ለናሙና ይዘነው የመጣነውን ጆሮን ከውጭ የሚሸፍን መከላከያ ሰጠኋት። አያ ሙሄ አዩት፣ አገላበጡት።

"ይኸ ተደርጎ መሥራት ይቻላል?"

"ይቻላል። በየጊዜው እየተመረመረች።"

"እንግዲያ በግልጽ ታድርገው። ሮሮ ያለው ለእኔ ይጩህ፣ የእኔ ጆሮ ክፍት ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ረቡዕ ታዲያ ምን ነክቷችሁ ነው?"

"መርማሪዋ ሜሮን ነበረች" የሚለው ተዘጋጅቶ ከንፈሬ ላይ ነበር። እውነትም ነው።

"መብራቱ እኔ ኪስ ነበር፣ አላወጣሁትም" አልኳቸው።

"ረስተሽ ነዋ።"

"አልረሳሁም።"

አንድ ፍሬ መቁጠሪያ አሳለፉ። ከዚያ ተነሥተው የወፍጮውን ሞተር ለማስነሳት ሄዱ።

ያን ጊዜ ሜሮን ቦርሳዎቻችንን አንጠልጥላ በሩ ላይ ደረሰች። እትዬ ቶይባ አየቻትና እጇን ዘርግታ ሮጠች። "ሜሮንዬ! ጆሮዬ አለ! ልጄ፣ ጆሮዬ አለ!" አቅፋ ሳመቻት፤ ሜሮን ቀሚሷ ሁሉ ዱቄት ሆነ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ጎንበስ ብዬ ገመዱን ጠቀለልኩ። ያኔም ቀናሁ፤ ቀንሷል ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ሜሮን "ግን እንዴት አወቅሽ? ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

ቆምኩ። "ረቡዕ ቀዩን ምልክት አይቼው ነበር። እንድትሳሳቺ ፈልጌ ዝም አልኩ። ለዶክተርም እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው።"

ሜሮን ፊቷ ላይ ያለውን ዱቄት ሳትጠርግ ወደ ሚኒባሱ ገባች፤ በዚህኛው ጉዞ ከሹፌሩ አጠገብ አልተቀመጠችም። መካከል ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አኖረች። እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ሮቢትን አለፍን። የሻይ ሻጯ ሴት በመስኮት እጇን አነሳችልን፤ አንዳችንም አጸፋ አልመለስንም።

ጎብዬ ላይ ሰው ለማውረድ ሲቆም ሜሮን ወደ ኋላ ሳትዞር ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ተነሥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።